የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ የጎበጠ እግር፦ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል?

ጥያቄ (ከሳብያን፣ ድሬዳዋ)
ልጄ ቁርጭምጭሚቶቿን አጋጥማ ስትቆም በጉልበቶቿ መካከል ጡጫዬ ይገባል፤ የግራ እግሯ ደግሞ ከቀኙ ይበልጥ ጎብጧል። ጎረቤቶቼ «ስታድግ ይቃናል» ይላሉ፤ አንድ ባለሙያ ግን አጥንቱ ተቆርጦ እንደሚስተካከል ነገሩኝ። በዚህ ዕድሜ ተገቢ ነውን?

መልስ 1
እህቴ፣ የጎረቤቶችዎ አባባል እስከ 2 ዓመት ገደማ ላለ ልጅ በአብዛኛው ትክክል ነው፤ በ3 እና በ4 ዓመት ግን ጉልበቶች በተፈጥሯቸው ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብሉ፣ አሁንም ወደ ውጭ የጎበጠ፣ በተለይም አንዱ ጎን የባሰበት እግር ልጅቷ ቆማ ራጅ ሳትነሳ ሊወሰንበት አይገባም። የካልሲየም፣ የፎስፌትና የቫይታሚን ዲ የደም ምርመራም ያስፈልጋል። ድሬዳዋ ፀሐይ አታጣም፤ ሆኖም ሙቀቱን ሸሽተን ልጆቻችንን ቤት እንዘጋባቸዋለን። ሪኬትስ (በአብዛኛው ከፀሐይ በሚገኘው ቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንት የሚለሰልስበት በሽታ) ከሆነ አስቀድሞ እርሱ ይታከማል፤ አጥንቱ ሳይጠነክር ቢቆረጥ ተመልሶ ሊጎብጥ ይችላል።

መልስ 2 (ከሐረር)
ብላውንት የተባለው የቅልጥም አጥንት የእድገት ችግር ከሆነ ግን መዘግየት ይጎዳል፤ ቀዶ ሕክምናው 4 ዓመት ሳይሞላ ሲደረግ ጉብጠቱ የመመለስ ዕድሉ ያነሰ ነው። አንዳንዴም አጥንት ሳይቆረጥ፣ በሚያድገው የአጥንት ክፍል አንድ ጎን ትንሽ ብረት በሁለት ብሎን ይታሰርና ሌላው ጎን እያደገ እግሩን በወራት ውስጥ ያቃናዋል፤ ሲቃና ብረቱ ይወጣል። ወጌሻ ዘንድ ማሳሸት ግን ፈጽሞ አይሞከር።

ጠያቂዋ
አመሰግናለሁ። ከተቆረጠ ጄሶው ምን ያህል ይቆያል?

መልስ 2
በዚህ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው፤ ጣቶቿ ከቀዘቀዙ ወይም ካበጡ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ይውሰዷት።