ያገለገለ ሳይክል ገዝቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ጠዋት መራዊ ድረስ ልንዳው ወይስ ልተወው?

ጠያቂ፣ ባሕር ዳር፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች። አሁን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ ዓይኔን አልከደንኩም። ትናንት አመሻሽ ላይ ያገለገለ ፎኒክስ ገዛሁ፣ ያው ባለ 28ቱ ትልቁ፣ ፍሬኑ በብረት ዘንግ የሚሠራው። እቁብ ደርሶኝ ነው። ልጅ እያለሁ የሰፈራችን አስተማሪ እንዲህ ዓይነት ነበራቸው፣ አንዳንዴ ከኋላ ያፈናጥጡኝና ትምህርት ቤት ያደርሱኝ ነበር፣ ያኔ ጀምሮ ልቤ ውስጥ ነው። አሁን የራሴው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ መብራት አጠፋለሁ ተመልሼ አበራለሁ፣ ሦስቴ ተነስቼ በጨርቅ ወለወልኩት፣ ደወሉን መደወል አማረኝ ግን አከራዬ እትዬ ይነሳሉ ብዬ ተውኩት። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቼ መራዊ እናቴ ጋ ልሄድበት ነበር፣ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሳልተኛ ብነዳው ችግር አለው? ከመንገድ በፊትስ ምኑን ልይ? ሻጩ ሁሉም ደህና ነው ብሎኛል ግን ግራ ፔዳሉን ስረግጠው ቀጭ ቀጭ ይላል።

መላሽ፣ ፍኖተ ሰላም፦
እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ! ሂድ በቃ ምን ትጠብቃለህ፣ ባሕር ዳር እንደሆነ ሜዳ ነው፣ በጠዋቱ አየር ድካሙም ይጠፋልሃል።

ሳይክል ጠጋኝ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ወንድሜ አትሂድ። ከተማው ሜዳ ነው፣ መራዊ ግን ከባሕር ዳር ከፍ ይላል፣ ፎኒክስ ደግሞ ካምቢዮ የለው፣ በጉልበትህ ነው የምትገፋው። ያ ቀጭ ቀጭ የሚለውን ቀላል አድርገህ አትየው። አሮጌ ፎኒክስ ላይ የፔዳሉን ክንድ ከመሀሉ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ሽብልቅ የሚመስል ፒን ነው፣ እሱ ሲበላ ክንዱ መጫወት ይጀምርና ዳገት ላይ ቆመህ ስትረግጥ ከድቶ ይጥልሃል። ፒኑ ርካሽ ነው፣ አስቀይረው። ምናልባት ፔዳሉ ራሱ ከክንዱ ላልቶም ሊሆን ይችላል፣ እሱን ራስህ ልታጠብቅ ካልክ የግራ ፔዳል ጥርሱ ግልባጭ መሆኑን እወቅ፣ ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው፣ ስንቱ ሰው እንደ ቀኙ መስሎት ጥርሱን ጨርሶ እኔ ጋ ይዞ እንደመጣ።
ካቴናውን በማስመሪያ ለካው። ከአንዱ ፒን መሀል ጀምረህ ውስጠኛውንም ውጭኛውንም እየቆጠርክ 24 ዓይን ሂድ፣ አዲስ ከሆነ 30 ነጥብ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ከ30 ነጥብ 8 ካለፈ ተበልቷልና ሌላውንም ጥርስ ሳይበላብህ ቀይረው። ከዚያ የፊት ፍሬኑን ጨብጠህ ሳይክሉን ወደ ፊት ወደ ኋላ ነቅንቀው፣ መሪው ሥር ኳ ካለህ ኩሽኔታው ላልቷል። አንድ ደግሞ፣ ቸርኬው ብረት ስለሆነ ዝናብ ሲነካው ፍሬኑ ያንሸራትታል፣ በክረምት ቁልቁለት ላይ ቀድመህ ያዝ።

ነርስ ነኝ፣ ዳንግላ፦
ወንድምዓለም ደስታም እንቅልፍ ይነሳል፣ ሕመም አይደለምና አትጨነቅ። ግን ልጠይቅህ፣ ማታ ቡና ጠጥተሃል? ከጠጣህ በኋላ 5 ሰዓት ያህል ቆይቶም ግማሹ ኃይል ሰውነትህ ውስጥ ነው ያለው። አልጋ ላይ እየተገላበጥክ ሰዓት አትቁጠር፣ ስልኩንም አስቀምጠው፣ ተነስተህ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ቁጭ በል፣ እንቅልፉ ሲመጣ ተመለስ። ከተቻለ ሳይክሉን ከዓይንህ ዘወር አድርገው ወይ ነጠላ ጣል አድርግበት፣ እውነቴን ነው፣ እያየኸው አትተኛም። ሳትተኛ አስፋልት ላይ መውጣቱን ግን እኔ አልስማማበትም። ሳይክል ላይ ሰከንድ ብታንቀላፋ ከኋላህ አይሱዙ አለ።

መላሽ፣ ፍኖተ ሰላም፦
እህቴ ልክ ነሽ፣ የኔን ተወው ወንድሜ፣ ተኛ።

መላሽ፣ ቡሬ፦
ስለ ወረቀት ማንም አላነሳም። ውል ተጻጽፋችኋል? እኔ አምና በቃል ብቻ ገዝቼ በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቱ ነኝ የሚል መጣ፣ እውነትም የተሰረቀ ነበር፣ ሳይክሉም ብሩም ቀረ። ቴላዮው፣ ማለትም የሳይክሉ የብረት አካል፣ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ፣ ወይ መቀመጫው ሥር ወይ ከፔዳሎቹ መሀል ታች ገልብጠህ ፈልገው፣ ቁጥሩን ውሉ ላይ አስገባ፣ ሁለት ምስክር ይፈርም፣ የሻጩን መታወቂያ ኮፒ ያዝ። ዛሬውኑ አድርገው፣ ሰውየው ስልኩን ሳይቀይር።

ጠያቂ፦
ወገኖች እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እታለም ልክ ነሽ፣ እትዬ ቡና አፍልተው ሦስተኛውን ድረስ ጠጥቻለሁ። ሳይክሉን ጋቢ አልብሼው ንጋት ላይ እንቅልፍ ወሰደኝና እስከ 5 ሰዓት ተኛሁ። ከዚያ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት፣ እንዳልከው ፒኑ ነው፣ አንድ ጎኑ ተበልቶ ጠፍጥፏል፣ ካቴናውም 31 መጣ፣ ሁለቱንም ቀየርኩ። ቁጥሩ መቀመጫው ሥር ተገኘ፣ ሻጩን ደወልኩለት፣ ሳያንገራግር መጥቶ ፈረመ። መራዊን ለእሁድ አድርጌዋለሁ፣ አንድ ጓደኛዬም አብሮኝ ይነዳል። እናቴን ደውዬ ስነግራት ከቤተ ክርስቲያን መልስ አስፋልቱ ዳር ወጥቼ እጠብቅሃለሁ አለችኝ። ፔዳሉ አሁን ድምፅ የለውም።