ክፍክፍ ሥር ያለ የተርብ ቤትና ጓሮ መሬት ውስጥ ያለ ቀዳዳ፦ የቱ ይነሳ፣ የቱ ይተው?

ጓሮ ወዳድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ነገር ላማክራችሁ። አንደኛው፣ ከመግቢያው በር በላይ፣ ክፍክፉ ሥር ግራጫ፣ ወረቀት የመሰለ የተርብ ቤት ተንጠልጥሏል። ስፋቱ የእጅ መዳፍ ያህላል፣ ቀዳዳዎቹ ከታች ሆኖ ይታያሉ፣ ተርቦቹ ላዩ ላይ ሰፍረዋል። ሁለተኛው፣ ከአጥሩ ሥር አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ቢጫና ጥቁር ነፍሳት ይገቡበታል፣ ይወጡበታል። ቤት ውስጥ ልጆችና ድመት አሉ። «ቤንዚን አፍስስበትና ድፈነው» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? በስንት ሰዓት፣ በምን፣ ምን ያህል?

ቀፎ ጠባቂ፦
መድኃኒት ከማንሳትዎ በፊት ነዋሪዋ ማን እንደሆነች ይለዩ፤ ዘዴውን የሚወስነው እሱ ነው። አምስት ሜትር ያህል ርቀው፣ ከመመላለሻ መንገዳቸው ጎን ቆመው አሥር ደቂቃ ይመልከቱ። መንገዳቸው ላይ ፊት ለፊት አይቁሙ። በስልክ ካሜራ አቅርቦ ማየት ከመጠጋት ይሻላል።

ንብ ጠጉራም ናት፣ መልኳ ወደ ቡናማ ያደላል፣ ከውጭ ስትመለስ ብዙ ጊዜ የኋላ እግሯ ላይ የአበባ ብናኝ ተጠቅልሎ ይታያል። ተርብ ገላዋ ልሙጥና አብረቅራቂ፣ ወገቧ በጣም ቀጭን ነው። ይህ ልዩነት ለቁስሉም ይጠቅማል፦ የንብ መንደፊያ ጥርስ ስላለው ቆዳ ውስጥ ይቀራል፤ የተርብ ግን ስለማይቀር አንዷ ደጋግማ ትነድፋለች።

በሩ ላይ ያለችው፣ እንደገለጹት ከሆነ፣ ወረቀት ሠሪዋ ተርብ ናት። ያረጀ እንጨት እየፋቀች በምራቋ አላምጣ የምትሠራው ቤት ነው። ሽፋን የለውም፣ በአንዲት ቀጭን ዘንግ ይንጠለጠላል፣ ነዋሪዎቹም አብዛኛውን ጊዜ በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። መሬት ውስጥ ወይም ግድግዳ ውስጥ የሚሰፍሩት ሌላ ነገር ናቸው፦ ቤታቸው በድርብርብ ወረቀት የተሸፈነ ነው፣ ቁጥራቸው በመቶዎች ይጀምርና ወቅቱ ሲገፋ ሺዎች ሊሞላ ይችላል። ለአንዱ የሚሠራው ዘዴ ለሌላው አይሠራም።

የማይነኩም አሉ። ግድግዳ ላይ የደረቀ ጭቃ በቧንቧ መልክ ተደርድሮ ካዩ ጭቃ ሠሪዋ ተርብ ናት። ብቻዋን ትኖራለች፣ ሸረሪት አደንዝዛ ለእጮቿ ታከማቻለች፣ ቤቷን ለመከላከል ብላ ሰው ላይ አትመጣም። ካስጠላዎት በመፋቂያ ያንሱት፤ መድኃኒት አያስፈልገውም። አፈር ላይ ብዙ ትናንሽ ቀዳዳዎች፣ በየአፋቸው የላላ አፈር ተከምሮ ካዩ ደግሞ ብቸኛ ንቦች ናቸው፤ ይተዉአቸው።

ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ የንብ መንጋ ካጋጠመ አይርጩበት። ማረፊያው ነው፤ ከጥቂት ሰዓት እስከ ጥቂት ቀን ቆይቶ ቤት ሲያገኝ ይነሳል። ግድግዳ ውስጥ የገባ መንጋ ከሆነ ንብ አናቢ ይጥሩ። በመድኃኒት ከገደሉት ማሩን የሚያቀዘቅዝ ስለሌለ ሰፈፉ ቀልጦ በግድግዳው ይፈስሳል፣ የሞተው እጭ ይሸታል፣ ጉንዳኑና አይጡ ይከተላል።

ተርብም ቢሆን ሰው ከማይደርስበት ጥግ ካለ እኔ አልነካውም። እጮቿን የምትመግበው አባጨጓሬና ዝንብ እያደነች ስለሆነ ለጓሮው ትጠቅማለች። የእርስዎ ግን በር ላይ ነው፤ መነሳት አለበት።

መርጫ ያዥ፦
በሩ ላይ ስላለው ልናገር፤ ቀላሉ እሱ ነው።

ሰዓቱ ፀሐይ ከጠለቀች አንድ ሰዓት በኋላ ወይም ጎህ ሳይቀድ። ያኔ አብዛኞቹ ቤታቸው ይገኛሉ፣ ቅዝቃዜው ያዘገማቸዋል። በቀን ከረጩ ውጭ የነበሩት ተመልሰው በሩ ላይ ሲዞሩ ይውላሉ። የበረንዳውን መብራት ያጥፉ። ባትሪ በእጅ አይያዝ፤ የተነሱት ወደ ብርሃን ስለሚበሩ ጎን ላይ መሬት አስቀምጠው ቀይ ላስቲክ ይሸፍኑበት። ቀይ ብርሃን ለነፍሳት እምብዛም አይታያቸውም።

ልብሱ ወፍራም፣ እጅጌው ረጅም፣ አንገቱ የተዘጋ ይሁን። የሱሪው ጫፍ ካልሲ ውስጥ፣ የእጅጌው ጫፍ ጓንት ውስጥ ይግባ፤ ተርብ ሽቅብ ትሳባለች። ፊት ላይ መነጽርና መረብ። ማምለጫውን አስቀድመው ያመቻቹ፦ ከኋላዎ የሚያደናቅፍ ነገር አይኑር፣ የቤቱ በርና መስኮቶች ይዘጉ።

ለእንዲህ ዓይነቱ ክፍት ቤት መርዝም አያስፈልግም። በ1 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ቀላቅለው ባለ ፓምፕ መርጫ ውስጥ ይሙሉ። ነፍሳት የሚተነፍሱት በጎናቸው ባሉ ቀዳዳዎች ነው። ባዶ ውሃ ከገላቸው ላይ ተንከባሎ ይወርዳል፤ ሳሙና ያለበት ግን ሰርጎ ገብቶ ያፍናቸዋል። የመርጫው አፍ ቀጥ ያለ ፍሰት እንዲሰጥ ይጠምዘዝ እንጂ ጉም እንዲተፋ አይደረግ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ጉሙ ሳይገድል ያስቆጣቸዋል። ዘንጓ ያለችበትን ጀምረው ሁሉም እስኪረጥብ፣ ቢያንስ 30 ሰኮንድ ሳያቋርጡ ይርጩና ወደ ኋላ ይውጡ።

ፍሊት ከመረጡ ለተርብ ተብሎ የተሠራውን፣ ከ4 እስከ 6 ሜትር ቀጥ ብሎ የሚተኮሰውን ይፈልጉ። የትንኝ ፍሊት ስለሚበተን እንዲጠጉ ያስገድዳል፤ ጋዙም ስለሚቀጣጠል እሳት አጠገብ አይሆንም። ቆጣሪ ወይም የተላጠ ሽቦ አጠገብ ማንኛውንም ፈሳሽ አይርጩ፤ መጀመሪያ መብራቱ ከዋናው ይጥፋ።

መሰላል ላይ ወጥተው አይርጩ። ሁለት ተርብ ፊትዎ ላይ ሲመጡ እጅዎ መሰላሉን ይለቃል፤ አወዳደቁ ከንድፊያው ይከፋል። ከመሬት የማይደረስ ከሆነ ባለሙያ ይጥሩ።

በማግስቱ ከሩቅ ይመልከቱ። እንቅስቃሴ ካለ ማታውን ይድገሙ። ከሌለ በረጅም እንጨት ያውርዱት፣ ዘንጓ የተጣበቀችበትን ቦታ ፍቀው በሳሙና ውሃ ይጠቡ። የወረደውን ፌስታል ውስጥ አስረው ይረግጡት፤ የተደፈኑት ቀዳዳዎች ውስጥ ያሉት ገና ሊፈለፈሉ ይችላሉ።

ጓሮ ወዳድ፦
አመሰግናለሁ። የአጥሩን ሥር ከሩቅ አየሁት፦ ገላቸው ልሙጥ ነው፣ መግቢያቸውም አንድ ብቻ ነው። ቤንዚኑስ ታዲያ?

መርጫ ያዥ፦
ቤንዚን በፍጹም! እንፋሎቱ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓዱ አፍ ላይና በመሬቱ ገጽ ላይ ይንሳፈፋል፤ ባትሪ ማብራት ብቻ ሊያቀጣጥለው ይችላል። አፈሩን ይበክላል፣ ሥሩን ያደርቃል፣ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይሰርጋል። የፈላ ውሃም አላምንበትም፦ መንገዱ ጠማማ ስለሆነ ቤቱ ጋ ሳይደርስ ይበርዳል፣ ተሸካሚውን ያቃጥላል።

ቀዳዳውን መድፈንም እንዲሁ። በጎን ሌላ ይቆፍራሉ። ግድግዳ ውስጥ ካሉ ደግሞ ይብሳል፦ የውጭ መውጫቸው ሲዘጋ ኮርኒሱን ወይም ጅብሱን በልተው ወደ መኝታ ክፍል ይወጣሉ።

ለዚህ የሚሠራው ዱቄት ነው። ፈሳሽ ከመጀመሪያው መታጠፊያ አያልፍም፤ ዱቄት ግን እግራቸውና ገላቸው ላይ ተጣብቆ ራሳቸው ወደ ውስጥ ያስገቡታል። ለተርብ የተፈቀደ፣ ዴልታሜትሪን ወይም ፐርሜትሪን ያለበት ዱቄት ይፈልጉ፤ መጠኑን መለያው ላይ እንደተጻፈው ያድርጉ፤ ለአንድ ቀዳዳ ጥቂት ማንኪያ ይበቃል። ደረቅ የላስቲክ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ ሞልተው፣ አፉን ወደ ቀዳዳው አዙረው ሁለት ሦስቴ ጨመቅ ያድርጉ። የመግቢያው ከንፈር ላይም ስስ ሽፋን ይቅር። ጠርሙሱ ላይ መርዝ መሆኑን ይጻፉበት፤ ለሌላ ሥራ አይመለስ።

ሰዓቱም ልብሱም እንደ በሩ ነው፤ እንዲያውም ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ እዚህ የሚጠብቁዎት መቶዎች ናቸው። መሬቱን አይርገጡ፤ ንዝረት ያስነሳቸዋል። ሣር የሚያጭድ ማሽንም በዚያ በኩል አይለፍ። ዝናብ ከጠበቁ ያዘግዩት፤ የረጠበ ዱቄት ይጓጉላል። ከሁለት ቀን በኋላ ምልልሱ ካልቆመ ይድገሙት። ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት እንኳ ካልታየች ብቻ በአፈር ጠቅጥቀው ይድፈኑት። ዱቄት የተነፋበት ቀዳዳ እስኪደፈን ልጆች እንዳይደርሱበት በድንጋይና በሽቦ ወንፊት ይከልሉት፤ ወንፊቱ ተርቧን የሚያሳልፍ ይሁን።

ድመቷ፦ ፐርሜትሪን ለድመት ከባድ መርዝ ነው። እስኪደፈን ድረስ ከቤት አትውጣ። እነዚህ መድኃኒቶች ዓሣንም ይገድላሉ፣ ኩሬ ካለ ይራቁ። አበባ ላይ አይነፉ፤ ንቧን ነው የሚያገኙት።

ቤተሰብ ውስጥ ለንድፊያ አለርጂ ያለበት ካለ ይህን በራስዎ አይሞክሩት።

ነርሷ፦
ስለ ንድፊያው ልጨምር፤ መድኃኒት ስትረጩ ይህን ሳታውቁ አትጀምሩ።

የንብ መንደፊያ ቆዳ ላይ ከቀረ ወዲያው ይውጣ። በጥፍር ይሁን በካርድ ጫፍ ለውጥ የለውም፤ ከረጢቱ ለጥቂት ሰኮንድ መርዝ ሲጨምር ስለሚቆይ ዋናው ፍጥነቱ ነው። ቀለበት ከጣት ላይ ይውለቅ፣ ሳያብጥ። በሳሙና ታጥቦ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ 10 ደቂቃ እየተቀመጠበት ይነሳ። ማሳከኩን የአለርጂ ክኒን፣ ለምሳሌ ሴትሪዚን፣ ወይም 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ቅባት ያስታግሰዋል። ኮምጣጤ፣ ጭቃ፣ የጥርስ ሳሙና አይረዱም፤ መርዙ ከቆዳ በታች ነው የገባው።

እብጠቱ በሁለተኛው ቀን ቢሰፋ አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ከቁስል ማመርቀዝ ጋር አይገናኝም፣ በሳምንት ውስጥ ይወርዳል። ትኩሳት፣ መግል፣ እየሰፋ የሚሄድ ቅላት ካለ ግን ይታይ።

አስፈሪው ሌላ ነው። ከተነደፈው ቦታ ርቆ በገላ ላይ ሽፍታ፣ የከንፈርና የምላስ ማበጥ፣ የድምፅ መጎርነን፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ማስመለስ፣ ራስ ማዞር ከታየ አናፊላክሲስ፣ ማለትም መላ ሰውነትን የሚያጠቃ ከባድ አለርጂ ነው፤ በደቂቃዎች ሊገድል ይችላል። አምቡላንስ ይጠራ። የአድሬናሊን መርፌ ካለ በጭኑ ውጫዊ ጎን ይወጋ፤ ለአዋቂ የተለመደው 0.3 ሚሊግራም ነው። ሰውየው ይጋደም፣ እግሩ ከፍ ይበል፤ ትንፋሽ ካጠረው ግን ተደግፎ ይቀመጥ እንጂ አይቁም። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ሁለተኛ ይሰጠው። ተሻለኝ ቢልም ሆስፒታል ይሂድ፤ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስበት ይችላል። ክኒኑ የአድሬናሊንን ቦታ አይተካም።

አፍና ጉሮሮ ውስጥ የተነደፈ፣ ወይም አለርጂ ባይኖርበትም በብዙ አሥር ንድፊያ የተመታ ሰው፣ በተለይ ሕፃን፣ ወዲያው ይታይ። ውጭ ሲጠጣ ጣሳ ወይም ጠርሙስ ክፍት አይቀመጥ፤ ተርቧ ገብታ አትታይም።

ከተነሱባችሁ አትወራጩ፣ አትግደሉ። የተቀጠቀጠችው ሌሎቹን የሚጠራ ሽታ ትለቃለች። ፊታችሁን ሸፍናችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ቤት ወይም ወደ መኪና ሩጡ። ውሃ ውስጥ መዝለል አያዋጣም፤ ንቦቹ ከውሃው በላይ ሆነው ይጠብቃሉ።

አናጢው፦
የወረደው ቤት ተመልሶ እንዳይሠራ፦ የክፍክፉ እንጨት ቀለም ይቀባ ወይም ቫርኒሽ ይጠጣ፤ ለወረቀታቸው የሚፍቁት እርቃኑን የቀረውን እንጨት ነው። በጣውላና በግድግዳ መካከል ያለው ስንጥቅ በሲሊኮን ይደፈን፣ የአየር ማስገቢያዎች 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ባለው የሽቦ ወንፊት ይሸፈኑ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ውስጥ ማንም አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ሙቀቱ ሲጀምር በሳምንት አንዴ ክፍክፉን ቀና ብለው ይዩ። አንዲት ንግሥት ብቻዋን የጀመረችው፣ ጥቂት ቀዳዳ ያለው ቤት በመጥረጊያ ዘንግ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የሚከላከልለት ሠራዊት የለም።

ጓሮ ወዳድ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጠርሙስ ወጥመድ የሚባለውስ? ለበረንዳው ይበቃል?

መርጫ ያዥ፦
ይቀንሳል እንጂ ቤቱን አያጠፋም። የ2 ሊትር ላስቲክ ጠርሙስ ሲሶውን ከላይ ቆርጠው፣ ክዳኑን አውጥተው ገልብጠው ይክተቱት፤ ማስተላለፊያ ይሆናል። ከሥሩ አንድ ብርጭቆ ስኳር ውሃ፣ አንድ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ ሁለት ጠብታ ሳሙና። ኮምጣጤው ንብ እንዳትገባ ነው፤ ሳሙናው እንዲሰጥሙ። ወቅቱ ሲጀምር፣ እጭ በሚያሳድጉበት ጊዜ፣ ከስኳሩ ይልቅ ቁራጭ ሥጋ ይስባቸዋል። ከመቀመጫው ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጡት ሰዎች ተርብ ወደ ምግባቸው እየጠሩ ነው። በየሦስት ቀኑ ይለወጥ፤ ከመክፈትዎ በፊት ጠርሙሱን በሳሙና ውሃ ይሙሉት፤ ያልሞተች ትኖራለችና።