በእጅ የተሠሩ ካይቶች ቀን፦ ለጋራ የዕቅድ ሐሳብ የቀረበ ረቂቅና የአባላት አስተያየት (አዳማ)

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ለወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት የምናስገባው ረቂቅ ይህ ነው። ዓላማው አንድ ሲሆን፣ የሰፈራችን ልጆችና ወላጆች በገዛ እጃቸው የሠሩትን ካይት ይዘው በኅዳር የመጀመሪያው ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ባለው ሜዳ ላይ እንዲያበሩ ነው። የተገዛ ካይት አይፈቀድም። ከአምናው የተረፈው 18,000 ብር ለቀርከሃ፣ ለክርና ለሙጫ ይውላል። ለካይቱ ልባስ ተሳታፊዎች ጋዜጣ ወይም ያገለገለ ፌስታል ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። አስተያየት እስከ ሐሙስ ማታ ይሰጥ።

ጡረታ የወጡት የፊዚክስ መምህር፦
ረቂቁ ስለ ነፋሱ አንድም ቃል አይናገርም። ካይት የሚያስደስተው ነፋሱ ስለሚለዋወጥ ነው እንጂ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚቀር አይደለም። የነፋሱ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ካይቱን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ በማለዳው ለስላሳ ነፋስ ክሩን በሁለት ጣቱ እየሳበ ካይቱን ከፍ ከፍ ያደረገ ልጅ፣ ረፋድ ላይ ያው ክር መዳፉን ሲከረክረው ልጓሙን፣ ማለትም ካይቱን ከዋናው ክር ጋር የሚያገናኘውን ማሰሪያ፣ ወደ ካይቱ ራስ አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ማሰር እንዳለበት በራሱ ይደርስበታል። ልጓሙ ከፍ ሲል ካይቱ ለነፋሱ ደረቱን መስጠቱን ትቶ ጋደም ይላል፣ ጉተቱም ይቀንሳል። ልጓሙን ለመንካት የሚደፍረው ካይቱን የሠራው ሰው ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ እናብር፤ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ረፋድ 4 ሰዓትና ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ላይ። ነፋስ እንደሆነ አለን፤ በከተማችን ዙሪያ በሁለት ምዕራፍ 136 ተርባይኖች የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ከእነርሱና ከመብራት ሽቦ ግን ርቀን መቆም አለብን፣ ይህም በረቂቁ ይጻፍ።

ገንዘብ ያዧ፦
ስለ ሰዓቱ ተቃውሞ የለኝም። «ፌስታል» የሚለው ቃል ግን ከረቂቁ ይውጣ። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል፤ እኛ ደግሞ በማኅተማችን ሥር ፌስታል ይዛችሁ ኑ ብለን ለመንግሥት ቢሮ ልንጽፍ ነው። እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ አልፈርምም።

አናጢው፦
የሚባለው እኮ ያገለገለ ፌስታል ነው፤ ማንም አዲስ ግዛ አልተባለም። ጋዜጣ ለማለዳው ነፋስ ይበቃል፣ በ4 ሰዓቱ ነፋስ ግን ከመስቀለኛው እንጨት ሥር ይሰነጠቃል። አምና የሆነውን ሁላችሁም አይታችኋል።

ገንዘብ ያዧ፦
አምና የተሰነጠቀው ሙጫው ሳይደርቅ ስለተበረረ እንጂ ጋዜጣው ስለሳሳ አይደለም።

አናጢው፦
ሙጫውን ያበሰልኩት እኔ ነኝ፣ ሌሊቱን ሙሉም ደርቋል። ሠላሳ ሁለት ካይት በእጄ ስሠራ ከዚህ ማኅበር የረዳኝ ሰው አልነበረም፤ አሁን ደግሞ በሙጫዬ ልከሰስ ነው። የእንጨቱን ልክ ለሚፈልግ ሰው እነሆ፦ ሁለቱም ዘንጎች እኩል 80 ሳንቲ ሜትር ይሁኑ፤ መስቀለኛው ከላይ 16 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይታሰር። ቀርከሃውን ከሰነጠቃችሁ በኋላ በጠርሙስ ስባሪ ፋቁት፣ መሐሉን በጣታችሁ ላይ አጋድማችሁም ሚዛኑን እዩ። ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ የከበደውን ጎን እንደገና ፋቁት። ይህን የዘለለ ሰው ካይቱ እየተሽከረከረ አፍንጫውን መሬት ላይ ሲተክል ነፋሱን አይውቀስ።

መምህሩ፦
የተሰጠው ልክ ትክክል ነው። መስቀለኛውን ከኋላ በክር ለጥጦ እንደ ቀስት ማጉበጥ ቢጨመርበት ደግሞ ጭራ አያስፈልገውም፤ ዊልያም ኤዲ የተባለ አሜሪካዊ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ያሳወቀው ቅርጽ ይኸው ነው። ስለ ልባሱ ከተጠየቅሁ፣ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ግራም ዋጋ አለው። ፌስታል ቀላል ነው፣ አይቀደድምም። ሕጉንም አከብራለሁ። «ስስ ልባስ» ብንል ሁሉንም አያስማማም?

ገንዘብ ያዧ፦
«ስስ ልባስ» ተብሎ ተጽፎ ሜዳው ላይ ፌስታል ከታየ፣ አውቀን ደበቅን ማለት ነው። ይህ ከቀድሞው የባሰ ነው።

ከሰሜን በር በኩል ያለ አባል፦
ቀርከሃውን ለእኔ ተዉት። የአጎቴ ልጅ በጅምላ የሚሸጥበትን ቦታ ያውቃል። እስከ ማክሰኞ 60 ዘንግ አደርሳለሁ።

አባል፣ ከዋሽንግተን፦
እዚህ በየዓመቱ በጸደይ ወራት በዋሽንግተን መታሰቢያ ሐውልት ዙሪያ የካይት ፌስቲቫል ይደረጋል፣ ልጆቼንም ይዤ እሄዳለሁ። ሁሉም ጨርቅ ነው እንጂ ፌስታል አላየሁም። ጭቅጭቁ እንዲያበቃ 20 የጨርቅ ካይት ገዝቼ ወደ አገር በሚመጣ ሰው እጅ እልካለሁ።

አናጢው፦
የረቂቁ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር የተገዛ ካይት አይፈቀድም ይላል። እኔ ልጅ ሆኜ የመጀመሪያውን ካይት የሠራሁት በዳቦ ፌስታልና ከመጥረጊያ በነቀልኳቸው እንጨቶች ነበር። ክሩም የእናቴ የስፌት ክር ነበር፤ ካይቱ ከፍ ሲል ክሩ ያንጎራጉር ነበር፣ ጆሮዬንም አስጠግቼ አዳምጠው ነበር። ያን ክር ስጨርስባት እናቴ ተቆጥታኝ ነበር፤ ካይቱን ስታየው ግን እሷም ተቀብላኝ ያዘችው። ይህን ከውጭ በሚላክ ሻንጣ ማምጣት አይቻልም።

አባል፣ ከዋሽንግተን፦
ገንዘቤ የሚናቅ ከሆነ ለሌላ አውለዋለሁ። የአምናውን የድምፅ ማጉያ የገዛው ማን እንደነበር አስታውሱ።

ገንዘብ ያዧ፦
ስጦታውን ማንም አልናቀም። አንድ ሐሳብ ልጨምር፤ ፌስታሉ ካልቀረ ምክንያቱ ይለወጥ። ልጆቹ በመጀመሪያ ሜዳውን ያጽዱ፣ የለቀሙትንም ፌስታል አጥበው ካይት ያድርጉት። ያኔ ቃሉ ቢጻፍም አያሳፍርም፤ እንዲያውም ጽሕፈት ቤቱ ይደግፈናል።

መምህሩ፦
ይህ መልካም ሐሳብ ነው። ጽዳቱ ግን ከዋዜማው ይደረግ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ዋዜማው ዓርብ ነው፤ ልጆቹ ትምህርት ላይ ናቸው። የጽሕፈት ቤቱን ባለሙያ በስልክ አነጋግሬአቸው ነበር፤ ጽዳት ካለበት የቆሻሻ መኪና ሊመድቡልን እንደሚችሉ ነግረውኛል፣ ተሳታፊው ተመሳሳይ ኮፍያ ቢያደርግ ደግሞ ለፎቶግራፍ እንደሚመች አክለዋል። ቀርከሃ አመጣለሁ ያሉት አባል ማክሰኞ አልፏል፤ የት ደረሰ?

አናጢው፦
ትናንት በቁጣ ለጻፍኩት፣ ገንዘብ ያዧ ይቅር ይበሉኝ። የሙጫው ነገር ስላሳመመኝ ነው።

ገንዘብ ያዧ፦
እኔም ያላየሁትን ተናግሬአለሁ። ሆኖም ፊርማዬ የሚወሰነው በተስተካከለው ረቂቅ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተስተካከለው እነሆ። ርእሱ «የአካባቢ ጽዳትና የካይት ቀን» ሆኗል። ከ2 እስከ 6 ሰዓት ጽዳት፤ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ምሳና የእንግዶች ንግግር፤ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ካይት ማብረር። ከዋሽንግተን የሚላኩት 20 ካይቶች በጽዳቱ ለበረቱ ልጆች ሽልማት ይሆናሉ። በጀቱ ለኮፍያ 11,000፣ ለጆንያና ለጓንት 4,000፣ ለክርና ለሙጫ 3,000 ብር ነው። የቀርከሃው ወጪ በበጎ ፈቃድ የሚሸፈን በመሆኑ ከበጀቱ ወጥቷል።

መምህሩ፦
ከሦስቱ ነፋሶች ሁለቱ ጠፍተዋል። ቀትር ላይ መሬቱ ሲግል ሞቃቱ አየር ከታች እየፈነቀለ ስለሚነሣ የከሰዓቱ ነፋስ ይቆራረጣል፤ አንዴ ይጎትታል፣ አንዴ ጨርሶ ይለቃል። ለለመደ ሰው ይህ ከሁሉም የሚጣፍጠው ነው፤ ሲለቅ ክሩን ፈጥኖ መሰብሰብ፣ ሲበረታ ደግሞ መልቀቅን ይጠይቃል። ካይት ይዞ ለማያውቅ የስምንት ዓመት ልጅ ግን በዚህ ነፋስ መጀመር ከባድ ነው። ቢያንስ የማለዳው አንድ ሰዓት ይመለስ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
መኪናው የሚመደብልን ከ2 ሰዓት ጀምሮ ስለሆነ ሰዓቱን መንካት አልችልም። ከዚያ በፊት ለሚመጣ ሰው ሜዳው ክፍት ነው፣ በረቂቁ ግን አይገባም።

አናጢው፦
እንግዲያው እኔ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከልጄ ጋር ሜዳው ላይ እገኛለሁ። ሁለት ጥቅል ክርና ስድስት የተፋቀ ቀርከሃ አለኝ። የሚመጣው ሰው የራሱን ልባስ ይያዝ፤ ጋዜጣም ቢሆን ለዚያ ሰዓት ይበቃል።

ገንዘብ ያዧ፦
ፈርሜአለሁ። ለኮፍያው የሦስት ቦታ ዋጋ እስከ ሰኞ ይቅረብልኝ። ልጄ ጋዜጣ ይዞ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
60 ዘንግ አደርሳለሁ ያሉት አባል ስልካቸው አይነሣም። ከሰሜን በር በኩል የሚኖር ሰው ካለ ቤታቸው ደርሶ ይጠይቅልን።