«ኮሊጌት» ማለት ማገናኘት ብቻ ነው?

የታሪክ ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን የንድፈ ሐሳብ ምዕራፍ እየጻፍኩ ነው። በማነባቸው የእንግሊዝኛ ጽሑፎች «ኮሊጌት» የሚል ግሥ ይደጋገማል። መዝገበ ቃላቱ «አንድ ላይ ማሰር» ብሎ ያልፈዋል። ባቡር ሁለት ከተሞችን «ኮሊጌት አደረገ» ይባላል?

ጡረተኛው መምህር፦
አይባልም፤ እንግሊዛዊ ቢሰማሽ ግራ ይገባዋል። ሥሩ «ሊጋሬ»፣ ማሰር የሚለው የላቲን ግሥ ነው። ዛሬ ግን የሚታሰሩት የተበታተኑ ፍሬ ነገሮች ናቸው፤ ገመዱም ሐሳብ ነው። ቃሉን በዚህ ፍቺ ያስታወቀው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዊልያም ሂዌል ነው፤ መጽሐፉ በ1840 ታተመ (ዓመቶቼ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሥነ ፈለክ ሊቁ ታይኮ ብራሄ ፕላኔቷ ማርስ በየጊዜው የታየችበትን ቦታ መዝግቦ አለፈ፤ ሌላው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኬፕለር ያን ሁሉ በአንድ ሞላላ ምሕዋር ሰበሰበው። ፈላስፋው ጆን ስቱዋርት ሚል ግን ይህ አልተዋጠለትም። መርከበኛ የብሱን ዞሮ «ደሴት ነው» ቢል ያየውን ገለጸ እንጂ ምን ጨመረ? ሲል ተከራከረ። እኔ ለሂዌል አደላለሁ። ቁጥሮቹ በብራሄም እጅ ነበሩ፤ ሞላላው ግን አልታየውም።

ቃሉን ወደ ታሪክ ጥናት ያመጣው ፈላስፋው ዋልሽ ነው። ሂትለር በ1936 ጦሩን ወደ ራይንላንድ (ጦር እንዳይገባበት ወደተከለከለው የጀርመን ምዕራባዊ ክፍል) ማስገባቱ ለብቻው አንድ ድርጊት ነው። ከመንግሥታቱ ማኅበር መውጣቱንና ኦስትሪያን መጠቅለሉን ስትጨምሪበት ፖሊሲው ይታያል። ከእኛ ቤት ደግሞ «ዘመነ መሳፍንት»ን ውሰጂ። የየጁ፣ የትግሬ፣ የስሜንና የጎጃም መኳንንት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠብ ነበራቸው፤ ያን ሁሉ ባንድ ስም ያሰረው ታሪክ ጸሐፊ ነው።

የቋንቋ ሰው፦
መምህር ጥሩ ብለዋል። በሥነ ልሳን ግን ፍቺው ሌላ ነው፤ ከእንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ፈርዝ ወዲህ ቃሉ የሰዋስው ዝምድናን፣ ማለትም አንድ ቃል ከየትኛው የሰዋስው ቅርጽ ጋር እንደሚሄድ ያመለክታል። «ቻለ»ን ተመልከቺ፤ «መሄድ ቻለ»፣ «መብላት ቻለ» እያለ ንዑስ አንቀጽ (በ«መ» የሚጀምረውን የግሥ ቅርጽ) ያስቀድማል። የምታነቢው ጽሑፍ የየትኛው ሙያ እንደሆነ ሳታረጋግጪ አትጥቀሺው።

የታሪክ ተማሪ፦
አመሰግናለሁ። መምህር፣ የዘመነ መሳፍንቱን ምሳሌ በምዕራፌ ብጠቀምበት ይፈቅዱልኛል?

ጡረተኛው መምህር፦
ምን ከልካይ አለሽ! ግን «ከ1769 እስከ 1855» ብለሽ አትለፊው። መነሻው ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን ያስገደሉበት ዓመት፣ መድረሻው የቴዎድሮስ ዘውድ የሆነው ለምን እንደሆነ ጻፊ። ፈታኞችሽ የሚይዙሽ እዚያ ላይ ነው።