«ታላቅ ሰው አልነበረም፤ ትልቅ ሰው ነበር» ምን ማለት ነው?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይዤ መጣሁ። የጓደኛዬ አባት በቅርቡ አረፉ። ቀብሩ ላይ ስትናገር «አባቴ ታላቅ ሰው አልነበረም። ትልቅ ሰው ነበር» አለች። ከኋላዬ የቆሙ ሴትዮ «ምነው አባቷን አሳነሰቻቸው» ሲሉ ሰማሁ። እኔ ግን እንባዬ መጣ። አሁን ይህንኑ መቃብሩ ላይ ልታስቀርጸው ነው። ወንድሟ ደግሞ «ታላቅ ሰው ነበር ተብሎ ይስተካከል» ብሎ ድርቅ ብሏል። ሁለቱ ቃላት በእውነት ይለያያሉ? ቀራጩ የሚጠብቀን እስከ ዓርብ ነው።

የቀለም ቀንድ፦
ወንድምየው ትክክል ነው ልጄ። ትልቅ የመጠን ቃል ነው። ትልቅ ድንጋይ፣ ትልቅ በር ይባላል። ታላቅ የማዕረግ ነው። ለአባት ታላቅ ይገባል።

የማታ ተማሪ፦
መምህር፣ «ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በል» እየተባልን ስናድግ የሰውየው ቁመት ነበር እንዴ የሚለካው? ደግሞስ «ታላቅ ወንድሜ» ስል ምን ማዕረግ ሰጠሁት? ቀድሞኝ ተወለደ ማለቴ ነው፤ በቃ።

ባለ ግስ፦
ሥሩ ሳይታይ ክርክር አይቆምም። ሁለቱም የ«ላቀ» ልጆች ናቸው። ከ«አነሰ» ትንሽ እና ታናሽ ወጡ። ከ«ላቀ» ደግሞ ትልቅ እና ታላቅ። ልክክ ብሎ ይገጥማል። ላቀ የግእዙ «ልህቀ» ነው፤ አደገ፣ ሸመገለ ማለት ነው። ሊቅም ከዚያው ቤት ነው። መጀመሪያ ትርጉሙ ሽማግሌ፣ አለቃ ነበር፤ የተማረ የሚለው በኋላ የመጣ ነው። «ከሊቅ እስከ ደቂቅ» የምንለው ከሽማግሌ እስከ ሕፃን ለማለት ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ከምሁር እስከ መሃይም ይመስለዋል። «ልሂቃን»ም እንደዚሁ። ዜና ላይ የተማሩና ሥልጣን ያላቸው ሆነዋል፤ በግእዙ ግን ያደጉ፣ የሸመገሉ ናቸው። እናም ትልቅ ሰው ማለት አድጎ የጨረሰ ሰው ነው። ሁሉም ሰው ደግሞ አድጎ አይጨርስም።

የቀለም ቀንድ፦
ልህቀን ከትልቅ ጋር ማዛመድ ድፍረት ነው። መካከል ያለችው ሀ የት ገባች? እኔ ግስ ሳወርድ አንተ ገና ፊደል አልቆጠርክም።

ባለ ግስ፦
ዕድሜዎን አከብራለሁ መምህር። ግን አማርኛ የጉሮሮ ድምፅ ይውጣል። ሠሐቀ ሳቀ ሆነ። መሐለ ማለ ሆነ። ልህቀ ላቀ ቢሆን ምን ይገርማል? ሊቅ ላይስ ሀ አለች? ግእዙ ራሱ ውጧታል።

የቀለም ቀንድ፦
ሊቅ ሌላ፣ ትልቅ ሌላ። ትልቅ ላይ ት ከየት መጣች?

ባለ ግስ፦
ትንሽ ላይ ከመጣችበት።

ቅኔ ወዳድ፦
ሁለታችሁም ግእዙ ለትልቅ የሚጠቀምበትን ዋናውን ቃል ዘለላችሁት። «ዐቢይ» የት ሄደ? ከ«ዐብየ» ነው፤ ትልቅ ሆነ። «ታዐብዮ ነፍስየ ለእግዚአብሔር» እንላለን። ነፍሴ ከፍ ታደርገዋለች ማለት ነው። አሁን ይህን ልብ በሉ፤ «ትዕቢት»ም ከዚሁ ሥር ነው። አዕበየ ሲሆን ሌላውን ከፍ አደረገ፤ ተዐበየ ሲሆን ራሱን ከፍ አደረገ። ሥሩ አንድ፣ ፊደሉ አንድ። የሚለየው ማን ከፍ እንደተደረገ ነው። እኔ ይህን ያየሁ ቀን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የማታ ተማሪ፦
ይሄ ወደ ጥያቄው ይመልሰናል። ታላቅ ብቻውን መቆም አይወድም። ታላቅ ካለ ታናሽ አለ። «ታላቄ» ስል ታናሹ እኔ ነኝ። ትልቅ ግን ማንንም አያሳንስም። አንድ ቤት ውስጥ አምስት ትልልቅ ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ማንም ማንንም አይሸፍንም። ልጅቷ «አባቴ ከማንም በላይ አልነበረም፤ ግን ሙሉ ሰው ነበር» ማለቷ ነው ባይ ነኝ።

የቀለም ቀንድ፦
ታላቅ ወንድምና ታላቅ ሰው አንድ አይደሉም። ታላቅ ሰው ስንል የምናነጻጽረው ታናሽ የለም። ቃሉ እንደየቦታው ይፈታል። ይህን እንኳ ሳታውቅ ነው የምታስተምረን?

የማታ ተማሪ፦
ማነጻጸሩማ አለ መምህር፤ ስሙ ስላልተጠራ ነው እንጂ። ታላቅ ንጉሥ ሲባል ሌሎቹ ነገሥታት አነሱ ማለት ነው።

ጀማሪዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ሰውየው አንድ ነገር ልጨምር። ማንበብ የማይችል ጎረቤት ነበራቸው። ደብዳቤ ሲደርሰው ወደ እሳቸው ያመጣል። ሰው ካለ ከበሩ ላይ ተቀብለው «ዛሬም መነጽርህን ረሳህ?» ይሉትና ወደ ጓዳ ወስደው ያነቡለታል። ሰውየው መነጽር ኖሮት አያውቅም። ጓደኛዬ እንኳ ይህን ያወቀችው እሳቸው ካረፉ በኋላ፣ ሰውየው ራሱ እያለቀሰ ሲነግራት ነው። ስንት ዓመት እንዳነበቡለት እሱም አያውቅም።

ባለ ግስ፦
አደራ፣ ቃሏን እንዳትነኩባት።

ቅኔ ወዳድ፦
አዕበየ ማለት ይኸው ነው። ሰውየውን በሰው ፊት ባለ መነጽር አደረጉት።

የቀለም ቀንድ፦
ደብዳቤውን ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ነፍሳቸውን ይማር። ወንድምየውን እኔ ላናግረው እችላለሁ፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ ልጄ። ስለ ልህቀ ግን አልተስማማሁም። አንተ ባለ ግስ፣ ላቀ እና ልህቀ አንድ ከሆኑ ያችን ሀ ውጦ በራብዕ የቀረ ሌላ ግስ አምጣ። ሳቀንና ማለን አልቀበልም፤ እነሱ የሐ ናቸው።