ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ፣ ግን በአንድ ሙያ ያልተካነ ሰው ለርካሽ ኮምፒውተሮች ሥራ ምን ይረባል?

ጥያቄ፦
የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። በልጅነቴ ቅኔ ቤት ገብቼ ግእዝ ተምሬአለሁ፤ አማርኛና ትግርኛ እናገራለሁ፣ እንግሊዝኛም አነባለሁ። የኤሌክትሪክ ጥገናም፣ የሒሳብ መዝገብም፣ መምህርነትም ጥቂት ጥቂት ሞክሬአለሁ፤ ፕሮግራም መጻፍ ግን አልችልም። ለታዳጊ አገሮች ልጆች ተብለው በሚሠሩ ርካሽ ኮምፒውተሮች ላይ በበጎ ፈቃድ ማገልገል ከልቤ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦
«የመቶ ዶላር ላፕቶፕ» እየተባለ በ2005 እ.ኤ.አ. የተዋወቀው ኤክስኦ በ2007 መመረት ሲጀምር ዋጋው ወደ 200 ዶላር ተጠግቶ ነበር። ቢሆንም ስክሪኑ ፀሐይ ላይ ይነበባል፣ ኃይልም ቆጣቢ ነው። ሹገር የተባለው ሶፍትዌሩ ዛሬም በበጎ ፈቃደኞች የሚለማ ሲሆን፣ ወደየቋንቋው መተርጎሙም የእነርሱ ሥራ ነው፤ ለተርጓሚው የሚቀርብለት የእንግሊዝኛው ሐረግና ከሥሩ ባዶ ቦታ ስለሆነ ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልገውም።

መልስ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሥራው ቀላል እንዳይመስልዎ። የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ጾታ የለውም፣ የእኛ ግን አለው። ስክሪኑ ላይ በሚጫነው ቁልፍ «ክፈት» ተብሎ ከተጻፈ፣ ኮምፒውተሩ የሚያናግረው ወንዱን ልጅ ብቻ ነው፤ አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ «ክፈቺ» የሚላት አላገኘችም። «ይክፈቱ» ብንል ደግሞ የሰባት ዓመት ልጅን አንቱ ማለት ይሆናል። እኔ «መክፈቻ» የሚለውን እመርጣለሁ።

መልስ፦
እኔ ከትርጉም በፊት ፍለጋውን ይፈትሹ እላለሁ። «ፀሐይ» ተብሎ የተቀመጠን ጽሑፍ ልጁ «ጸሀይ» ብሎ ቢፈልገው፣ ለኮምፒውተሩ ፊደላቱ የተለያዩ ስለሆኑ ምንም አያገኝም። የትኞቹ ፊደላት በድምፅ አንድ እንደሆኑ፣ ግእዙስ የትኛውን እንደሚጠይቅ ዘርዝሮ ለፕሮግራም ጸሐፊው የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል፤ የቅኔ ቤት ትምህርትዎ እዚህ ላይ ከማንኛውም ዲግሪ ይበልጣል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የፊደላቱን ዝርዝር ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። «መክፈቻ» የሚለውን ግን ወረቀት ላይ ጽፌ ሦስተኛ ክፍል ለምትማረው የእህቴ ልጅ ባሳያት፣ «የቆርቆሮ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ይከፈት» የሚለውን ሳሳያት ግን ወዲያው ገባት፤ ወንድና ሴትም አይለይም። በእርሱ ብንሠራስ?