ሲቆረጥ ልብ የሚወጣበት ኬክ፦ ልቦቹ ተንሳፈፉብኝ፣ ደረቁብኝም

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከውጪ ሲታይ ተራ የሆነ፣ ሲቆረጥ ግን በየቁራጩ ላይ ልብ ወይም ኮከብ የሚወጣበትን ረጅም ኬክ ታውቁታላችሁ? ለልጄ ልደት ልሠራላት ብዬ ባለፈው ቅዳሜ ሞከርኩት። አልሆነልኝም።

ያደረግኩት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቀይ ስፖንጅ ኬክ ጋገርኩ። ለብ እንዳለ ቆራርጬ በልብ ቅርጽ የብስኩት መቁረጫ ልቦቹን አወጣሁ። ረጅሙ ፓትራ ላይ ሁለት ጣት የሚሆን የቫኒላ ሊጥ ጨምሬ ልቦቹን በሹል ጫፋቸው አቆምኳቸው። የቀረውን ሊጥ ከላይ ለቀቅኩበት። በ180 ዲግሪ 50 ደቂቃ ቆየ።

ስቆርጠው ልቦቹ ወደ ላይ ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም በኬኩ አናት ብቅ ብለዋል። ግማሾቹ ዘመም ብለዋል። በልቡና በቫኒላው መካከል ክፍተት ስላለ ቁራጩን ሳነሳው ልቡ ወልቆ ይወድቃል። ልቡ ደርቋል፣ ከሥሩ ያለው ቫኒላ ደግሞ ገና ሊጥ ነው። ቀዩም ወደ ቡናማ ሄዷል።

ፓትራዬ 23 በ13 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጥልቀቱ 7። መቁረጫው 6 ሳንቲ ሜትር ነው። ሚዛን፣ ሚክሰርና ፍሪዘር አለኝ። ልደቷ ከ9 ቀን በኋላ ነው። ልጄ እስካሁን አላየችም፤ ድንገተኛ እንዲሆንባት በጣም እፈልጋለሁ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ጡረታ የወጣሁ ጋጋሪ፦
አይዞሽ ልጄ። አሠራሩን በደንብ ስለጻፍሽው መልሱም ቀላል ነው። አንድ ነገር ብቻ ያዢ፦ የውስጡ ኬክ ሁለት ጊዜ ይጋገራል። የደረሱብሽ ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚህ ነው።

ስፖንጅ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቅቤ ስለሌለው ሁለተኛው እሳት ያደርቀዋል። አየር የሞላበት ስለሆነም ሲቆረጥ ይፈረፈራል። የሚያስፈልግሽ ጠጠር ያለ የቅቤ ኬክ ነው። ልኬቱ የድሮው ነው፤ ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄትና እንቁላል እኩል በእኩል ክብደት። ለአንቺ ፓትራ 225 ግራም ቅቤ፣ 225 ግራም ስኳር፣ 225 ግራም ዱቄትና 4 ትላልቅ እንቁላል ይበቃል። ለውስጡም ለውጪውም ይኸው ልክ ነው፤ ሁለት ጊዜ ታዘጋጂዋለሽ። ለውስጡ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ጨምሪ። ለውጪው ከዚያ ትንሽ ቢያንስ ይሻላል። ብዙ ከሆነ መሀሉ ጉብ ይልና ልቦቹን ይዟቸው ይነሳል።

አሁን ወደ መንሳፈፉ እንምጣ። የተጋገረ ኬክ ከጥሬ ሊጥ ይቀላል። ኦቨን ውስጥ ሲገባ ቅቤው ይቀልጥና ሊጡ ከመርጋቱ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ይቀጥናል። ልቡ የሚነሳው ያን ጊዜ ነው። ሁለት ጣት ሊጥ ከሥር ስታደርጊ ደግሞ እንዲዋኝ ሰፊ ቦታ ሰጠሽው። ከሥር ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ ይበቃል። ሊጡም ወፍራም ይሁን፤ ከማንኪያ ላይ የሚፈስ ሳይሆን ቦጭ ብሎ የሚወድቅ። ወተት አትጨምሪበት።

መቁረጫሽም ትልቅ ነው። ፓትራሽ 7 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው ልቡ ከ4 ተኩል ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከሥርም ከላይም ሊጥ ሊያገኘው ይገባል።

ቤት ውስጥ የምጋግር፦
ጋሼ ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ የሥሩን ቀጭን ሊጥ መጀመሪያ ብቻውን ከ8 እስከ 10 ደቂቃ እጋግረዋለሁ። ላዩ ረጋ ሲል አወጣና ቅርጾቹን እደረድርበታለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ ተንሳፍፎብኝ አያውቅም። ከሥር ጥሬ ሆኖ መቅረቱም ቀረ።

ጡረታ የወጣሁ ጋጋሪ፦
ይሠራል፣ አልቃወምም። ግን ሲቆረጥ ከሥር ቀጭን መስመር ይታያል፤ ሁለቱ ሊጦች በደንብ አይዋሃዱም። ሊጡ ወፍራም ከሆነና ቅርጾቹ ከቀዘቀዙ ያለዚያም ይሆናል። ለጀማሪ ግን ያንቺ መንገድ ይቀላል።

የሁለት ልጆች እናት፦
እህቴ፣ እኔም እንዳንቺ ነበር የጀመርኩት። ሥራውን ለሁለት ቀን ስከፍለው ነው የተስተካከለልኝ።

በመጀመሪያው ቀን የውስጡን ኬክ እዚያው ረጅሙ ፓትራ ላይ ትጋግሪና ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ በፕላስቲክ ጠቅልለሽ ፍሪጅ ውስጥ ታሳድሪዋለሽ። በለብታው መቁረጥ የለም። ያደረ ኬክ ጠጠር ስለሚል የልቡ ጫፍ አይሰበርም። በነጋታው ዳርና ዳሩን አንስተሽ በሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ትቆርጪዋለሽ። ውፍረቱ እኩል ይሁን። ከእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ልብ ታወጫለሽ። መቁረጫውን በየጊዜው ጥረጊው፤ ፍርፋሪ ከያዘ ጠርዙን ይቦጭቀዋል።

ከዚያ ልቦቹን ትሪ ላይ ደርድረሽ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሰዓት። ቀዝቃዛ ስለሚሆን የውስጡ ኬክ ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። የውጪው እየበሰለ ልብሽ አይደርቅም። እስካሁን ካየሁት ለድርቀት ትልቁ መድኃኒት ይህ ነው።

ክፍተቱን በተመለከተ፦ ልቦቹን ከመደርደርሽ በፊት ፍርፋሪያቸውን በብሩሽ አራግፊ። ቀጥሎ ዙሪያቸውን ስስ ሽሮፕ ቀቢያቸው። ስኳርና ውሃ እኩል በእኩል አፍልተሽ ታቀዘቅዣለሽ። ሽሮፑ ሊጡን ያጣብቀዋል፣ ኬኩንም ያረጥበዋል። አታርሺው ግን፤ መቀባት ብቻ።

ኬክ ወዳድ፦
ፍሪዘሩ ላይ ትንሽ ጥንቃቄ አድርጊ። እኔ አንዴ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሬ በረዶ እንደሆነ ሳስገባው በቅርጹ ዙሪያ እርጥብ ቀለበት ቀረብኝ። ድንጋይ ሲሆን አጠገቡ ያለውን ሊጥም ይዞ ያቀዘቅዘዋል። አንድ ሰዓት ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ከቆየ የመጋገሪያ ጊዜው ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መጨመር አለብሽ።

ስለ እሳቱ ደግሞ፦ 180 በዝቷል። 160 አድርጊውና አንድ ሰዓት ከአሥር ያህል ስጪው። ፓትራሽ ጥቁር ከሆነ ቶሎ ስለሚያሳርር ከዚያም 10 ዲግሪ ቀንሺ። ከ40 ደቂቃ በኋላ ላዩ ከቀላ ፎይል ጣል አድርጊበት፣ ሳትጠቀልዪው። ከዚያ በፊት ኦቨኑን አትክፈቺ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መብሰሉን ሲያይ ነው። ስቴኪኒውን መሀል ላይ ብትወጊው የሚያገኘው ቀድሞ የበሰለውን ልብ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ ይወጣና ያታልልሻል። መውጋት ያለብሽ በልቡና በፓትራው ግድግዳ መካከል ነው፣ እስከ ታች ድረስ። አጭር ስቴኪኒ አይደርስም፤ ረዘም ያለ ቀጭን እንጨት ፈልጊ። የምግብ ቴርሞሜትር ካለሽ እዚያው ቦታ 97 ዲግሪ ገደማ ሲያነብ ደርሷል።

ቀለም ላይ ብቻ የምመልስ፦
ቀዩ ቡናማ የሆነው በአብዛኛው ከቀለሙ ዓይነት ነው። ውሃ መሳዩ ቀለም ደካማ ነው። ብዙ ስትጨምሪ ደግሞ ሊጡን ያቀጥነዋል። ወፍራሙን ጄል ቀለም ተጠቀሚ። ጥሬው ሊጥ ላይ ከምትፈልጊው ደመቅ አድርጊው። ሁለት ጊዜ እሳት ስለሚያየው ይደበዝዛል።

በቀይ ሥር ቀለም እንሥራው የሚል ሰው ቢመጣ ለዚህ ኬክ አትስሚው። ቀይ ሥር ሙቀት አይችልም፤ ቤኪንግ ፓውደር ሲነካው ደግሞ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ሰማያዊም ቢሆን ከእንቁላሉ አስኳልና ከቅቤው ቢጫነት ጋር ሲገናኝ አረንጓዴ ይመስላል። ከሁሉም የማያሳፍረው ኮኮዋ ነው። ከዱቄቱ 30 ግራም ቀንሰሽ በኮኮዋ ተኪው። ጥቁር ልብ በነጭ ኬክ ውስጥ በጣም ያምራል፣ መደብዘዝ የሚባል ነገርም የለበትም።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ እርስዎን በተለይ። ዛሬ የውስጡን ኬክ በቅቤ ጋግሬ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሬዋለሁ። ቀዩን በጄል አድርጌዋለሁ። 4 ተኩል ሳንቲ ሜትር መቁረጫም ተውሻለሁ።

የቀረኝ አንድ ጭንቀት መዝመሙ ነው። ልቡ በሹል ጫፉ ነው የሚቆመው። ሊጡን ሳፈስበት እንዴት ቀጥ ብሎ ይቆምልኛል?

ጡረታ የወጣሁ ጋጋሪ፦
ጥሩ ጠየቅሽ። ቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር። ልቡን ገልብጪው። ሁለቱ ክብ ጉብታዎች ከታች፣ ሹሉ ወደ ላይ። ያኔ በሁለት እግር እንደቆመ ነው፤ አይዘምም። ኬኩ በስሎ ሲቀዘቅዝ የላዩን ጉብታ በቢላ ታስተካክዪና ኬኩን ትገለብጪዋለሽ። የፓትራው ሥር የነበረው አናት ይሆናል። ልብሽም ቀጥ ይላል። ለክሬምም ለጥ ያለ ላይ ታገኚያለሽ።

አንድ ነገር ግን አለ። በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ያለችው ስርጉድ ወደ ታች ስለምትዞር አየር ትይዛለች። ሊጡን በላስቲክ ከረጢት ጨምሪ፣ ጫፏን ቁረጪና በሥሩ ሊጥ መሀል ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወፍራም መስመር ጭመቂ። ልቦቹን በዚያ መስመር ላይ ነው የምታስቀምጪያቸው። ጠጋ ጠጋ አድርገሽ፣ አንዱን ካንዱ ጋር አጣብቀሽ። በመካከላቸው ሊጥ ከገባ ስትቆርጪ ልብ የሌለው ቁራጭ ይወጣብሻል። በፓትራው በሁለቱ ጫፍ ግን አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ለሊጥ ተይ፤ ምስጢሩን የሚሸፍነው እሱ ነው።

ቀጥሎ በዚያው ከረጢት በግራና በቀኝ እኩል እየጨመቅሽ ሙይ። አንዱን ጎን ሞልተሽ ከጨረስሽ በኋላ ወደ ሌላው ከሄድሽ ይገፋዋል። ላዩን መጨረሻ ላይ ሸፍኚው። ፓትራውን ጠረጴዛ ላይ ሁለቴ ብቻ ቀስ ብለሽ መታ አድርጊ። ፓትራው እስከ ሦስት አራተኛው ከሞላ የተረፈውን ሊጥ በትንንሽ ኩባያ ጋግሪው፣ አትጨምሪበት።

ጠያቂዋ፦
ሆነ! የሙከራውን ዛሬ ጠዋት ቆረጥኩት። በ160 አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። ልቦቹ ሁሉም ቀጥ ብለዋል፣ አንዱም አልወለቀም። ቀዩ ቀይ ነው። ሦስተኛው ቁራጭ ላይ ብቻ በስርጉዷ በኩል ትንሽ ቀዳዳ አለች። እዚያ ጋ ስጨምቅ እጄ አቋርጦ ነበር፣ አስታውሳለሁ።

ሁለት ጥያቄ ብቻ። ከልደቱ ስንት ቀን ቀድሜ ብጋግረው ይሻላል? ከልብ ይልቅ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ባደርገውስ?

የሁለት ልጆች እናት፦
እንኳን ደስ አለሽ! የቅቤ ኬክ በማግሥቱ ነው የሚጣፍጠው። ሙሉውን ከአንድ ቀን በፊት ጨርሺው። ከኦቨን ሲወጣ 15 ደቂቃ ፓትራው ላይ ይቆይ፣ ከዚያ ወንፊት ነገር ላይ አውጪው። ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ጠቅልለሽ አሳድሪው። በትኩሱ የተቆረጠ ቅርጽ ይበጣጠሳል። ጥርስ ባለው የዳቦ ቢላ፣ ሳትጫኚ፣ እንደ መጋዝ እየሳብሽ ቁረጪው። ከልቦቹ ዙሪያ የተረፈውን ቀይ ኬክ አትጣዪው። ፈርፍረሽ በትንሽ ክሬም ለውሺውና ለልጆቹ ኳስ ኳስ አድርጊላቸው። ልደቱ እስኪደርስ ከልጅሽ ዓይን ሰውሪው፤ ቀዩን ካየች ታውቃለች።

ኬክ ወዳድ፦
ፊደል ይቻላል፣ ግን አቅጣጫ አለው። ልብ ከፊትም ከኋላም ያው ነው። ፊደል ግን ከአንዱ ጫፍ ስትቆርጪ ትክክል ከሆነ ከሌላው ጫፍ መስታወት ላይ እንዳየሽው ይገለበጣል። ሁሉንም ወደ አንድ ጎን አስተካክለሽ ደርድሪ። የትኛው ጫፍ ፊት እንደሆነ ፓትራው ላይ በፎይል ቁራጭ ምልክት አድርጊ። ኬኩ ከፓትራው ሲወጣ ምልክቱን ስቴኪኒ ሰክተሽ አዛውሪው። ኬኩ በኋላ ስለሚገለበጥም ልክ እንደ ልቡ ፊደሉን ዘቅዝቀሽ ነው የምትደረድሪው።

ቀጭን እግር ያለው ፊደል ከሆነ ደግሞ ሲወጣም ሲደረደርም ይሰበራል። የስሟ ፊደል የትኛው ነው?

ጠያቂዋ፦
«ሀ» ነው። ሁለቱ ክንዶቹ ቀጫጭን ስለሆኑ ፈራሁት። በልቡ እቀጥላለሁ። ረቡዕ ማታ የውስጡን፣ ሐሙስ የውጪውን እጋግራለሁ። ዓርብ ከሰዓት ራሷ ናት የምትቆርጠው።